የተማሪ ዕረፍትና የገበሬ ክረምት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

መግቢያ

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ የሚገኙ፣ በቀድሞው አከፋፈል በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበሩ፣ ዛሬ በደቡብ ጎንደር ዞን የሚቆጠሩ አገሮች ናቸው። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ራስጌያቸው ነው። ከእርሱ በስተ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ በርብና በጉማራ ወደ ጣና ይገባል፤ በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ ያለው ደግሞ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይሄዳል። ውሃው ግን ብቻውን አይሄድም፤ የገበሬውን አፈር ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በዚህ አገር እርከን መካብና ዛፍ መትከል የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ተማሪ በዕረፍቱ ጊዜ ወደ ገጠር ወርዶ፣ ከማያውቃቸው ባልንጀሮች ጋር፣ ለማያውቀው ሰው ያለ ዋጋ ይሥራ የሚለው አሳብ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ታሪኩን ስንመለከት አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። ይኸውም፣ ተማሪው የሚያርፍበት ወር ለገበሬው ምን ወር ነው? የሚል ነው።

የቀድሞው እንግዳ ተማሪ

የጋይንት ሰው እንግዳ ተማሪ ማየት የጀመረው በዘመናዊ ትምህርት ቤት ጊዜ አይደለም። የጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ስለሆነች፣ ከየአገሩ የቆሎ ተማሪ ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። ይህ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይኖራል። ለመምህሩ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ የማደሪያ ጎጆውንም በገዛ እጁ ይሠራል። መጀመሪያ ለምኖ፣ ታግሦና የአገሩን ጠባይ ለምዶ ነው ሰው የሚሆነው። ለማስተማር የሚመጣ ሳይሆን ለመማር የመጣ እንግዳ ነው።

የገበሬውም የሥራ ሕግ ከዚህ አይርቅም። ደቦ የጠራ ሰው ምግቡንና ጠላውን ያሰናዳል፤ ወንፈል የገባ ደግሞ ዛሬ የተሠራለትን ነገ በቀኑ ይመልሳል። ሁለቱም ያለ ዕዳ አይሆኑም። እንግዲህ ከሩቅ መጥቶ በነፃ ሠርቶ የሚሄድ ሰው በዚህ ሕግ ውስጥ በየትኛው ወገን ይቆጠር?

የዘመናዊው ተማሪ መምጣት

በ1957 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በአንድነት ታዩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ፤ በዚያው ዓመትም የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ሥርዓት ተጀመረ። በዚህ ሥርዓት ተማሪው ትምህርቱን ከመጨረሱ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማስተማር፣ እንዲያገለግል ተደነገገ። ይህ ግን ግዴታ ነበር እንጂ በፈቃድ የተደረገ አልነበረም።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር፣ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣም ገበሬውን በማኅበር የማደራጀት ሥራ ተጨመረባቸው። የተማሪው መፈክር ከሁሉ ይልቅ የደቡቡን ጭሰኛ ጥያቄ የሚመልስ ነበር። በሰሜን ግን አብዛኛው ገበሬ ከአባት ከእናቱ የወረደ ርስት ስለነበረው፣ አዋጁ ራሱ ለዚህ ዓይነቱ አገር የተለየ ክፍል መድቦለት ነበር። ከሩቅ የመጣ ዘማች ገበሬውን ሳይጠይቅ መልስ ይዞ መምጣቱ ያለው ጉድለት በዚህ ይታያል።

በእውነት የዕረፍት ወራትን የያዘው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ትምህርት ቤት በክረምት ሲዘጋ ተማሪዎች ፊደል ለማስተማር ወጡ። ፊደል በዝናብም በቤት ውስጥ ሊቆጠር ስለሚችል፣ ለዚህ ሥራ ክረምቱ ብዙ አልከፋም። የእርከኑና የችግኙ ነገር ግን ሌላ ነው።

እርከንና ችግኝ

እርከን የሚካበው አዝመራ ከገባ በኋላ፣ ገበሬው ፋታ ሲያገኝ፣ በጥርና በየካቲት ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በየዓመቱ ይደረግ የነበረው የተፋሰስ ዘመቻም ገበሬውን ለሳምንታት ያለ ክፍያ ያሠራው በዚሁ ወቅት ነው። በ1997 ዓ.ም. በእነዚህ ወረዳዎች የገባው ሴፍቲኔትም በወር 5 የሥራ ቀን ለሠራ ሰው እህል ወይም ገንዘብ ይሰጥ የነበረው አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ክፍያው ያቆማል፣ ጎተራውም ይጎድላል፣ እርሻውና አረሙ ግን ይበረታል። ኮሌጅ ዘግቶ ተማሪው የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

ችግኝ በሐምሌ መተከሉ ትክክል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን የሚበልጥ ችግኝ በመላው አገር ተተከለ ተብሎ በመንግሥት ተነግሯል። ነገር ግን የችግኝ ፈተናው የሚመጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ አዝመራው ተነሥቶ ከብቱና ፍየሉ በልቅ ሲሰማራ ነው። ያን ጊዜ ተካዩ ተማሪ በክፍሉ ተቀምጧል፤ ፍየሏን የሚመልሰው የገበሬው ልጅ ነው።

መደምደሚያ

ይህን የምንለው ተማሪው ከቤቱ ይቅር ለማለት አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር በእርሻ መሬት ላይ ሲጣል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ደጅ ያላደረሰው ገበሬ ጭምር ከፍሏል። እኛ ኮሌጅ የደረስነው በዚህ ዓይነቱ ሰው ትከሻ ላይ ቆመን ነው። ስለዚህ የዕረፍት ሥራችን ቸርነት ተብሎ ሊጠራ አይገባውም፤ የቆየ ወንፈል መመለስ ነው።

ወንፈል ከሆነ ግን በባለዕዳው አመቺ ቀን ሳይሆን በባለመሬቱ ቀን ይመለሳል። በክረምት የሚሄድ ስንቁን ይዞ ይሂድ፤ የሚቻለው በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ወርዶ ድንጋይ ያቀብል። በሐምሌ የተከለም በጥር ተመልሶ የጸደቀውን ይቁጠር። የቆሎ ተማሪው እንዳደረገው ሁሉ፣ አስቀድሞ በደጅ ቆሞ ይጠይቅ። የጉና አፈር የሚጠብቀን ይህን እስክንማር ድረስ አይደለምና፣ ትምህርቱ ቶሎ ቢጀመር መልካም ነው።