ኖራ ያቃጠለው ዓይንና ቫይታሚን ሲ

አላህ (ሱ.ወ.) ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ማውረዱን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል፤ ፈልጎ ማግኘቱ የእኛ ፈንታ ነው።

በ1747 (እ.ኤ.አ.) ጀምስ ሊንድ የተባለ የመርከብ ሐኪም ድዳቸው የቆሰለ 12 መርከበኞችን ልዩ ልዩ ነገር ሰጥቶ ሞከረ። ፈጥነው ያገገሙት ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ነበሩ። ምስጢሩ ቫይታሚን ሲ መሆኑ የታወቀው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቁስልን የሚያያይዘው ኮላጅን ያለ እርሱ በደንብ አይሠራም።

ኖራ ዓይንን ሲያቃጥል በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ ይመናመናል፤ ኮርኒያ የተባለው የዓይን የፊት መስታወትም መዳን አቅቶት ሊበሳ ይችላል። በ1976 (እ.ኤ.አ.) ሌቪንሰን፣ ፓተርሰንና ፊስተር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በጥንቸሎች ፈተሹ። ጥንቸል ቫይታሚን ሲን በገዛ ጉበቷ ትሠራለች፤ የተቃጠለ ዓይኗ ግን ከዚያ አይደርሰውም። ተጨማሪ ሲሰጧት ቁስለቱና መበሳቱ ቀነሰ። ዛሬ ሐኪሞች ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያዙታል።

አደራችን ግን ይህ ነው፦ ሎሚ አሲድ ስለሆነ ዓይን ውስጥ አይጨመቅ! ኖራ ወይም ሲሚንቶ ዓይን ከገባ ሳንዘገይ፣ ቆቡን ገልጠን፣ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ 30 ደቂቃ እንጠብ፤ ከዚያም ወደ ሐኪም እንሂድ። ዓይን አማና ነው። ወላሁ አዕለም።