ዘመነ ጽጌ እና የምሥራቅ አዲስ አበባ አደይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ትላቸዋለች። «ጽጌ» በግእዝ አበባ ማለት ነው። በእነዚህ ቀናት የእመቤታችን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ ይታሰባል፤ አባ ጽጌ ብርሃን የደረሰው ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ ብዙ ምእመናንም በፈቃዳቸው ይጾማሉ። ሊቃውንቱ ኢሳይያስ በምዕራፍ 11 የተናገረውን ትንቢት ሲተረጕሙ በትር የተባለች እመቤታችን፣ አበባ የተባለ ጌታችን ነው ይላሉ።

አባቶቻችን ይህን ምስጋና ሲያቆሙ ምሳሌው በዐይናቸው ፊት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ባልታረሰ መሬት፣ በእርሻ ድንበርና በመንገድ ዳር አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ያለብሰዋል። አደይ በሀገራችን ምድር በተፈጥሮ የሚበቅል ነው፤ የዕፅዋት ሊቃውንት «ቢደንስ» ከሚሉት ወገን የሆኑ በርካታ ዓይነቶች በዚህ ስም ይጠራሉ። ለዘመን መለወጫ ልጃገረዶች ይዘውት ይዞራሉ፤ ለመስቀል ደመራው ይሸለምበታል።

መዲናችንም ስሟን ያገኘችው ከአበባ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍልውሃ አካባቢ ሲሰፍሩ፣ በ1879 ዓ.ም. ገደማ፣ ቦታውን «አዲስ አበባ» አሉት። በምሥራቅ በኩል ያሉት ቦሌ፣ ገርጂ፣ ሰሚትና አያት ደግሞ ከተማው እስኪደርስባቸው ድረስ እርሻና የግጦሽ ሜዳ ነበሩ። ዛሬ መንገድና ሕንፃ ሸፍኗቸዋል። በዚህ አካባቢ የሚያድግ ሕፃን አደይን የሚያውቀው በአብዛኛው ከገበያ በተገዛ እቅፍ ወይም በወረቀት ላይ ሥሎት ነው።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ጌታችን ስለ መጨነቅ ሲያስተምር የሜዳ አበቦችን እንድንመለከት አዝዞናል። የሚመለከተው አበባ ያጣ ትውልድ ማኅሌቱን በቃሉ ቢያጠና እንኳ ምሳሌው ይርቅበታል።

በአጥቢያችን ግን የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ አለን። ለበዓል ዝግጅት ስንል በመስከረም ሣሩን ሁሉ ብናጭደው አደዩ ዘሩን ሳያራግፍ ይጠፋል። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች አስተዳዳሪውን አባታችንን አስፈቅደን፣ ከዐጸዱ አንዱን ጥግ እስከ ኅዳር 5 ሳይታጨድ እናቆየው። በዚያ የወደቀ ዘር ለሚመጣው ዓመት ያብባል፤ ታናናሾቻችንም «ጽጌ» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ በዐይናቸው ያያሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።