የገንዳ መቆጣጠሪያ፦ ለኮራል አኳሪየም ምን ዓይነቱ ይመረጣል?

ሕያው ኮራል በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች ሲገናኙ አንድ ቃል ከአፋቸው አይጠፋም፤ ኮንትሮለር። በአማርኛ «መቆጣጠሪያ» ብንለው ይገባናል፤ ነገር ግን ቴሌቪዥን የምንቀያይርበትንም ዕቃ በዚሁ ስም ስለምንጠራው «የገንዳ መቆጣጠሪያ» ማለቱ ይሻላል። የአኳሪየሙን ውኃ በዳሳሾች እየለካ፣ በለካው መሠረት ማሞቂያውን፣ ፓምፑንና መብራቱን ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት፦ ውኃ ውስጥ የሚገቡ ዳሳሾች፣ ትንሽ ኮምፒውተር የሆነ ማዕከል፣ እና እያንዳንዱ ሶኬቱ ለየብቻ የሚታዘዝ ዲቫይደር።

ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ስሙም ሥራውም ይለወጣል። ሙቀትና ፒኤች (የአሲድነት ልኬት) እየለካ በስልክ መልእክት የሚልክ፣ ሆኖም ምንም የማያበራና የማያጠፋ ዕቃ «መከታተያ» ነው። ታይመርም መቆጣጠሪያ አይደለም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ያበራል እንጂ ውኃውን አያውቀውም። ልዩነቱን ከመግዛትዎ በፊት ልብ ማለት ይገባል፤ ማሸጊያቸው ስለሚመሳሰል አንዱን ለሌላው ወስዶ መምጣት ቀላል ነው። ሥራ ቦታ ሆነው ሳለ ውኃው 30 ዲግሪ መድረሱን መከታተያው ቢነግርዎት፣ ቤት ውስጥ ሶኬት የሚነቅል ሰው ከሌለ መልእክቱ ለኮራሉ አይደርስለትም።

ኮራል እንስሳ ነው። በሪፍ ላይ የሚኖሩት አብዛኞቹ ኮራሎች በሥጋቸው ውስጥ ረቂቅ አልጌ ያስጠልላሉ፤ አልጌው በብርሃን ምግብ እየሠራ አስጠላዩን ይመግበዋል። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ይህ አብሮ መኖር ይፈርሳል፤ አልጌው ይወጣል፣ ኮራሉም ይነጣል፤ ሁኔታው ቶሎ ካልተስተካከለም ይሞታል። ስለዚህ አሳዳጊዎች ውኃውን ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጨዉን በአንድ ኪሎ ውኃ 35 ግራም ገደማ፣ ፒኤቹን ከ7.8 እስከ 8.4 ባለው መካከል ለማቆየት ይጥራሉ። ባሕርን ስፋቱ ራሱ ይጠብቀዋል፤ ዳህላክ ዙሪያ ያለው የቀይ ባሕር ውኃ በአንድ ሌሊት በ5 ዲግሪ አይሞቅም። ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ 400 ሊትር ግን ይሞቃል፤ ያውም ከአንድ ዕቃ ብልሽት የተነሣ።

ስሌቱን እንሥራው። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 4,000 ጁል ይጠይቃል፤ 400 ሊትሩ ወደ 1.6 ሚሊዮን ጁል ይፈልጋል ማለት ነው። 300 ዋት ማሞቂያ በየሴኮንዱ 300 ጁል ስለሚሰጥ፣ ወደ ክፍሉ የሚያመልጠውን ካልቆጠርን፣ ውኃው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ዲግሪ ይጨምራል። ማሞቂያው መጥፋት አቅቶት ቢቀር ከ26 ወደ 31 ለመድረስ ሰባት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። የሚያመልጠው ሙቀት ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም፤ ማታ ጤነኛ የነበረ ገንዳ ጠዋት የሞቀ ሊሆን ይችላል።

ይህ ብልሽት ደግሞ ብርቅ አይደለም። በብዙ ርካሽ ማሞቂያዎች ውስጥ ያለው ቴርሞስታት ሁለት ብረቶች እየተነካኩና እየተለያዩ የሚሠሩበት ነው። በተነካኩና በተለያዩ ቁጥር ትንሽ ፍንጣሪ አለ፤ ፍንጣሪው ብረቱን እየበላ ይሄድና አንድ ቀን ሁለቱ ተበይደው ይቀራሉ። ለእኔ የገንዳ መቆጣጠሪያ ዋጋው ከሁሉ በፊት እዚህ ላይ ነው። መቆጣጠሪያው ውኃው ከ25.4 ሲወርድ እንዲያበራ፣ ከ25.8 ሲያልፍ እንዲያጠፋ ይታዘዛል፤ የማሞቂያው የራሱ ቴርሞስታት ደግሞ 27 ላይ ይደረጋል። ቴርሞስታቱ ቢጣበቅ መቆጣጠሪያው ይቆርጠዋል። መቆጣጠሪያውም ቢሆን ሪሌ (ሶኬቱን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) አለውና እሱም ሊጣበቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቴርሞስታቱ 27 ላይ ይይዘዋል። በማብሪያውና በማጥፊያው ቁጥር መካከል የተተወው የ0.4 ዲግሪ ክፍተት ሪሌው በየደቂቃው እንዳይንጣጣ የሚያደርግ ስለሆነ አይጥበብ።

በአንድ 300 ዋት ፈንታ ሁለት 150 ዋት ማሞቂያ በሁለት ሶኬት መሰካት ደግሞ ጥበቃውን ያጠነክረዋል። አንዱ በርቶ ቢጣበቅ ብቻውን ገንዳውን የማፍላት አቅም ያንሰዋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ግማሹን ሸክም ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ሶኬት ሲቆጥሩ ለሙቀት ብቻ ሁለት ይያዙ።

ሁለተኛው አደጋ ውኃ ከመጨመር ይመጣል። ውኃ ሲተን ጨዉ ወደኋላ ስለሚቀር የተነነው በንጹሕ ውኃ ይተካል፤ ብዙዎችም ይህን ሥራ ለዳሳሽና ለትንሽ ፓምፕ ይሰጡታል። ዳሳሹ በሮቶ ውስጥ እንዳለው ተንሳፋፊ ከፍታውን እያየ ፓምፑን ያስነሣል፣ ያቆመዋልም። ቀንድ አውጣ ቢቀመጥበት ወይም የጨው ቅርፊት ቢይዘው ግን ውኃው እንደጎደለ አድርጎ ይናገራል፤ ፓምፑም መግፋቱን ይቀጥላል። 40 ሊትር ማጠራቀሚያ ሙሉ በሙሉ ወደ 400 ሊትር ቢገባ ጨዉ ከ35 ወደ 32 ገደማ ይወርዳል፤ ወለሉ ላይ የሚፈስሰውን ሳንጨምር። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያለው መቆጣጠሪያ ይመረጣል፤ አንዱ ከዋናው ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ሁለተኛ ዳሳሽ መቀበሉ ነው፤ ሌላው ዳሳሹ ምንም ቢል ፓምፑን ለምሳሌ ከ3 ደቂቃ በላይ እንዳይሠራ ማገዱ። ማጠራቀሚያውንም ትንሽ ማድረግ ምንም ወጪ የሌለው መከላከያ ነው፤ 15 ሊትር ብቻ ቢሆን ያው ብልሽት ጨዉን ከ33.7 በታች አያወርደውም።

አሁን ሁለተኛ ቃል ያስፈልገናል። በማዕከሉና በዲቫይደሩ መካከል ያለው የመረጃ ገመድ ቢነቀል፣ ወይም ማዕከሉ ራሱ ቢቃጠል፣ ሶኬቶቹ ምን ያደርጋሉ? ጥሩ ዲቫይደር ለእያንዳንዱ ሶኬት አስቀድሞ የተሰጠ መልስ በራሱ ውስጥ ይይዛል። ኤፔክስ የተባለውን መሣሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች ይህን ፎልባክ ይሉታል፤ እኔ «ማረፊያ» እለዋለሁ፤ ትእዛዝ ሲቋረጥ ሶኬቱ የሚያርፍበት ሁኔታ ነውና። ዋናው ፓምፕና ውኃውን የሚያናውጡት ፓምፖች ማረፊያቸው በርቶ መቆየት ነው፤ ውኃ ካልተንቀሳቀሰ ኦክሲጅን እያነሰ ይሄዳል፣ ዓሦቹም ይታፈናሉ። ውኃ የሚጨምረውም ሆነ ኬሚካል የሚያንጠባጥበው ፓምፕ ማረፊያው መጥፋት ነው። የገንዳው መብራቶችም ይጥፉ፤ ኮራል አንድ ሁለት ቀን ጨለማ ይችላል።

አከራካሪው ማሞቂያው ነው። የራሱ ጤነኛ ቴርሞስታት ያለው ከሆነ በርቶ ቢያርፍ ይሻላል ባይ ነኝ፤ 27 ላይ ራሱን ይይዛል። ቴርሞስታት የሌለው፣ በመቆጣጠሪያው ብቻ የሚሠራ የቲታኒየም ማሞቂያ ከሆነ ግን ጠፍቶ ማረፍ አለበት፤ ክፍሉ ብርድ ካልሆነ ውኃው የሚቀዘቅዘው ቀስ እያለ ነው፣ ለመድረስም ጊዜ ይሰጣል። ሻጩን አስቀድመው የሚጠይቁት ይህን ይሁን፦ የእያንዳንዱን ሶኬት ማረፊያ ለየብቻ መወሰን ይቻላል ወይ? መልሱ አይቻልም ከሆነ ስክሪኑ የቱንም ያህል ቢያምር እኔ አልገዛውም። በዋይፋይ የሚታዘዙ ተራ ሶኬቶች ብዙዎቹ ግንኙነት ሲያጡ በነበሩበት ይቀራሉ፤ ማሞቂያው በርቶ ሳለ ግንኙነቱ ከተቋረጠ በርቶ ይቀጥላል። ገዝተው ከተከሉም በኋላ ቤት በሚውሉበት ቀን የማዕከሉን ገመድ ነቅለው ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ ወረቀት ላይ የተጻፈውና የሚሆነው አንድ መሆኑን የሚያረጋግጠው ይህ ብቻ ነው።

ስለ ፒኤች ዳሳሽ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። መስተዋት ጫፍ ያለው ዘንግ ነው፤ ፒኤቻቸው 7 እና 10 በሆኑ ሁለት ፈሳሾች እየተስተካከለ ይሠራል፤ ከደረቀ ይበላሻል፤ በደንብ ቢያዝም ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ይደክማል። ሲደክም ዝም አይልም፤ የተሳሳተ ቁጥር በልበ ሙሉነት ማሳየቱን ይቀጥላል። ጤነኛ ገንዳ ውስጥ ፒኤች ቀን ከፍ፣ ሌሊት ዝቅ ይላል፤ መስኮቱ የተዘጋ፣ ሰው የበዛበት ክፍልም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚጨምር ዝቅ ያደርገዋል። ይህን ለማየት ዳሳሹ ጥሩ ነው። ቁጥሩን አምኖ ኬሚካል እንዲጨምር ማዘዝ ግን አደገኛ ነው፤ የደከመ ዳሳሽ ገንዳውን በአንድ ቀን ሊያበላሸው ይችላል። ብዙ ዳሳሽ መሰካቱን እንደ ትልቅ ብልጫ አድርጎ የሚሸጥልዎትን ሰው፣ እያንዳንዱ በምን ያህል ጊዜ መስተካከልና መተካት እንዳለበት ይጠይቁት። የሙቀት ዳሳሽ ብቻ ነው ብዙም ሳይነካ ዓመታት የሚያገለግለው።

ማስጠንቀቂያ መላክን ሁሉም ያስተዋውቃል። የሚለያዩት መሣሪያው ራሱ ዝም ሲል ነው። መብራት ከጠፋ ማዕከሉም ኢንተርኔቱም አብረው ይጠፋሉ፤ መልእክት የሚልክ አይኖርም። በሌላ ቦታ ያለ ሰርቨር የመቆጣጠሪያውን ድምፅ በየጊዜው እየጠበቀ፣ ሲጠፋበት ባለቤቱን የሚያነቃ ከሆነ ብቻ መቋረጡን ማወቅ ይቻላል። በአንጻሩ ሥራው ራሱ በሰርቨሩ ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ማሞቂያ ማጥፋት የማይችል መቆጣጠሪያ ለኮራል አይሆንም። ዲቫይደሩንም ውኃ ከሚረጭበት አርቆና ከፍ አድርጎ ማሰር፣ እያንዳንዱንም ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ማጠፍ ያስፈልጋል፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ የጨው ውኃ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት አይገባም።

ገበያው ላይ የሚታወቁት ጥቂቶች ናቸው። የካሊፎርኒያው ኔፕቱን ሲስተምስ ኤፔክስን ይሠራል፤ በአሜሪካ ብዙ ተጠቃሚ ስላለው የሚረዳ ሰው ማግኘት አይቸግርም። ጀርመን ካይዘርስላውተርን ያለው ጂኤችኤል ፕሮፊሉክስን ይሠራል፤ አውሮፓ ላሉ ዕቃውም ጥገናውም ይቀርባቸዋል። የኮራልቪው ሃይድሮስ ሥራውን ለብዙ ትናንሽ ማዕከሎች አከፋፍሎ በኅብረት የሚያሠራ ነው፤ ሁሉን በአንድ ማዕከል ላይ ከመጣል ይህ አካሄድ ለእኔ ይበልጥ ይስበኛል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው ሪፍ-ፓይ ደግሞ ራዝቤሪ ፓይ በተባለች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ መበየድና ፕሮግራም ማንበብ ለሚወድ ሰው እንጂ ለማንም አልመክረውም። የድርጅቱም ዕድሜ ይታሰብ። ሪፍኪፐርን ይሠራ የነበረው የአሜሪካው ዲጂታል አኳቲክስ ከገበያ ሲወጣ መሣሪያው በብዙ ቤት ቀርቷል፤ መለዋወጫው ግን ከየት ይመጣል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ገንዳ የሚያቋቁም ሰው ብዙ መቶ ዶላር ለተሟላ መቆጣጠሪያ ማውጣት የለበትም። አንድ ሶኬት ለማሞቂያ፣ አንድ ለማቀዝቀዣ ያለው፣ ከ50 ዶላር በታች የሚገኝ የሙቀት መቆጣጠሪያ ትልቁን አደጋ ይሸፍንለታል። የቀረውን ገንዘብ ጥሩ ማሞቂያና በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ይግዛበት፤ መብራት ሲጠፋ ምንም ያህል ውድ መቆጣጠሪያ ያለ ኤሌክትሪክ ውኃ አያንቀሳቅስም።

ዱባይ፣ ዶሃ ወይም ጅዳ ለሚኖሩ ምርጫው በሌላ በኩል ይጀምራል። እዚያ በበጋ የሚያሳስበው ማሞቂያው ሳይሆን ኤሲው የቆመበት ቀን ነው። በውኃው ላይ የሚነፍስ ቬንቲሌተር በትነት ያቀዘቅዛል፤ ትነቱ ሲበዛ ግን ውኃ ጨማሪው ፓምፕም ሥራ ይበዛበታልና ማጠራቀሚያውን እጅግ ማሳነስ አይቻልም። ኮምፕረሰር ያለው ማቀዝቀዣ ከሆነ፣ ከጠፋ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ሳያርፍ ዳግም መነሣት የለበትም፤ መቆጣጠሪያው ይህን የመቆያ ጊዜ መያዝ ይችል እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ ዲቫይደር ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ከ220 እስከ 240 ቮልት ባለው አገር፣ አዲስ አበባንም ጨምሮ፣ ጀርባው ላይ የታተመውን ቁጥር ሳያነቡ እንዳይሰኩት።