"ጠ"ን ፍለጋ

ሀዋሳ ላይ አማርኛ በኮምፒውተር ሊጽፍ የተቀመጠ ሰው "ጠ"ን የት ያገኛታል? መልሱ ሰውየው የትኛውን ፊደል ቆጥሮ እንዳደገ ይለያያል። ነገሩ ከኮምፒውተር በፊት የጀመረ ነውና ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

"ሀ ሁ ሂ" ብሎ ያደገ ሰው "ጡ"ን የ"ጠ" ልጅ አድርጎ ያውቃታል እንጂ የሁለት ድምፅ ድምር አያደርጋትም። የጽሕፈት መኪና ግን ቁልፉ ጥቂት ነው፤ ፊደላችን ደግሞ ከ200 በላይ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን ቆራርጠው፣ ቁርጥራጩን በየተራ በመምታት መኪናውን አማርኛ አስጻፉት። ብልሃት ነው፣ እናደንቃለን። ጸሐፊው ግን ከዚያ ወዲህ በመኪናው ልክ ማሰብ ነበረበት።

በአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ እነ ዶክተር አበራ ሞላና እነ አቶ ፍስሐ አጥላው አሜሪካ ሆነው ግዕዝን ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡ። በ1990ዎቹ ደግሞ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በላቲን ሆሄ የመወከያ ሥርዓት አበጁ። ስሙ አጥሮ ሲነበብ "ሴራ" ነው (ክፉ ሴራ አልነበረም!)። በእርሱ ትንሹ "ቲ" "ተ"ን፣ ካፒታሉ "ቲ" "ጠ"ን፣ "ኤክስ" ደግሞ "ሸ"ን ይሰጣል። ይህንኑ መንገድ የተከተሉ የቁልፍ ሰሌዳዎች ዛሬም ይሠራሉ። እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሰው ምቹ ነው፤ ለማያውቅ ግን በሌላ ቋንቋ በር ወደ ገዛ ቤቱ መግባት ነው።

ሀዋሳ ላይ ነገሩ ይብሳል። ሲዳምኛ ከ1980ዎቹ አጋማሽ (በእኛ አቆጣጠር) ወዲህ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ እዚያ "ኤክስ" ማለት "ጠ" ነው፣ "ሲ" ደግሞ "ጨ"። በሲዳምኛ የተማረ ወጣት "ጠ"ን ፈልጎ "ኤክስ"ን ሲጫን "ሸ" ይመጣለታል፤ "ጨ"ን ፈልጎ "ሲ"ን ሲጫን "ቸ"። ላቲኑን ከማንም በላይ እያወቀ ይሳሳታል! አዛውንቱ ላቲን ስለማያውቁ፣ ወጣቱ ስለሚያውቅ፣ ሁለቱም እዚያው ሰሌዳ ላይ ይጠፋሉ። ሠሪው በጭንቅላቱ የያዘው ሥዕል የማንኛቸውም አልነበረም።

የሚገርመው፣ ዩኒኮድ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ግዕዝን ሲቀበል "ጡ"ን ሳይቆርጥ ሙሉ ፊደል አድርጎ ለብቻዋ ቁጥር ሰጣት። ጓዳው እንደ ቄስ ትምህርት ቤቱ ያስባል፤ ችግሩ በሩ ላይ ነው። በስልክ ላይ "ጠ"ን ሲነኳት ቤተሰቧን የምትዘረጋ ሰሌዳ አለች፤ ፊደል የቆጠሩ አያት ያለ አስተማሪ ይጽፉባታል። ለሲዳምኛው ተማሪ "ኤክስ"ን "ጠ" የሚያደርግ የአማርኛ ሰሌዳ ግን እስካሁን አልገጠመንም።