መምህሩን የሞገተው የሳንባ ተመራማሪ

ዴንማርካዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ አውጉስት ክሮግ እ.ኤ.አ. በ1874 ግሬኖ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። በ1897 ኮፐንሃገን ውስጥ በክርስቲያን ቦህር ቤተ ሙከራ ሥራ ጀመረ። ቦህር የዝነኛው የፊዚክስ ሊቅ የኒልስ ቦህር አባት ነው። በ1904 መምህሩና ክሮግ፣ ከባልደረባቸው ከካርል ሃሰልባልክ ጋር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ደም የያዘውን ኦክስጅን በቀላሉ እንደሚለቅ አሳዩ። ግኝቱ ዛሬም የሚጠራው በቦህር ስም ነው።

ሁለቱን ያለያያቸው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ ኦክስጅን ከሳንባ ወደ ደም የሚሻገረው እንዴት ነው? ቦህር ሳንባን እንደ ዕጢ ያየው ነበር፤ ጉልበት አውጥቶ ኦክስጅንን ወደ ደም ይገፋል ይል ነበር። ሐሳቡ ዛሬ የሚመስለውን ያህል መሠረተ ቢስ አልነበረም። በጥልቅ ባሕር የሚኖሩ ዓሦች የመንሳፈፊያ ከረጢታቸውን በዙሪያቸው ባለው ውሃ ካለው የኦክስጅን ግፊት እጅግ በላቀ ግፊት በኦክስጅን ይሞላሉ። ዓሣ የቻለው ሳንባን ለምን ይሳነዋል? በዚያ ላይ የቦህር ልኬቶች አንዳንዴ የደሙ የኦክስጅን ግፊት በሳንባ ካለው አየር እንደሚበልጥ ያሳዩ ነበር።

ክሮግ የተጠራጠረው ልኬቱን ነው። እጅግ ትንሽ የአየር አረፋ ከሚፈስ ደም ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ሠራ፤ አረፋዋ ትንሽ በመሆኗ ከደሙ ጋር ቶሎ ትስተካከላለች፣ ከዚያ የምትመረመረው እሷ ናት። አብራው የሠራችው በ1905 ያገባት ማሪ ነበረች፤ ሕክምና የተማረች ተመራማሪ። በ1910 ሰባት ጽሑፎች ባንድ ጊዜ ወጡ፤ በቤተሰቡ ዘንድ «ሰባቱ ትንንሽ ሰይጣናት» ይባሉ ነበር። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ በደም ያለው ግፊት ምንጊዜም በሳንባ ካለው ያንሳል፣ ኦክስጅንም ከበዛበት ወዳነሰበት በራሱ ይሰርጋል። ክሮግ ለመምህሩ ያለበትን ውለታ በጽሑፉ ሳይሸሽግ ሐሳቡን ፊት ለፊት ተቃወመ። ቦህር በ1911 መጀመሪያ ሞተ።

ክርክሩ ግን አብሮት አልተቀበረም። ብሪታንያዊው ጆን ስኮት ሆልዴን በዚያው ዓመት ከባልደረቦቹ ጋር ኮሎራዶ ውስጥ 4,300 ሜትር ግድም ከፍታ ባለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ሳምንታት ቆየ። ሲወርድም፣ ሰው ከፍታን ሲለምድ ሳንባው ኦክስጅን መግፋት ይጀምራል አለ። በ1920 ጆሴፍ ባርክሮፍት ኬምብሪጅ ውስጥ ኦክስጅኑ በተቀነሰበት የመስታወት ክፍል ስድስት ቀን ተቀመጠ፤ በመጨረሻ የእጁን ደም ወሳጅ አስከፍቶ ደሙ ተመረመረ። ሳንባው የገፋው ኦክስጅን አልተገኘም። ሆልዴን በ1936 እስኪሞት ድረስ ሐሳቡን አልለወጠም።

ከሁሉ ይልቅ ክርክሩን የቋጨው ግን የማሪ ክሮግ የ1915 ሥራ ነው ቢባል ያስኬዳል። ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለበት አየር አስገብቶ፣ ትንፋሽ አስይዞ፣ የጠፋውን መጠን መለካት ነበር ዘዴው። ሳንባ በከባድ ሥራ ጊዜ እንኳ ምንም ሳይገፋ በቂ ኦክስጅን እንደሚያሳልፍ በዚህ ታወቀ። ከዘዴው የተወለደ ምርመራ ዛሬም በሳንባ ሐኪሞች ዘንድ ይሠራበታል።

የ1920ው የኖቤል ሽልማት ለሳንባ ሥራው አልነበረም። ክሮግ በጡንቻ ውስጥ ካሉት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ብዙዎቹ በዕረፍት ጊዜ ተዘግተው፣ ጡንቻው ሲሠራ እንደሚከፈቱ በእንስሳት ላይ ባደረገው ሙከራ ስላሳየ፣ ተሸላሚው እሱ ብቻ ሆነ። በ1922 ባልና ሚስቱ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ማሪ የስኳር በሽታ ነበረባት። ከቶሮንቶ የዚህን በሽታ መድኃኒት፣ ኢንሱሊንን፣ የማምረት ፈቃድ ይዘው ተመለሱ፤ የዛሬው ኖቮ ኖርዲስክ አንዱ ሥር ከዚያ ይመዘዛል። ማሪ በ1943፣ አውጉስት በ1949 አረፉ።

የከፍታው ጥያቄ በኋላ ኢትዮጵያም ደርሷል። በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምሮ የኦክስጅን ሙሌቱን በአማካይ 95.3 በመቶ አግኝቷል፤ ሄሞግሎቢናቸውም በባሕር ጠለል ካለ ሰው ብዙም አይለይም። ሆልዴን ይህን ቢያይ ለራሱ ማስረጃ ያደርገው ይሆናል፤ ተመራማሪዎቹ ግን ምክንያቱን ኦክስጅን በሚገፋ ሳንባ አልፈለጉትም። በ2011 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በ3,700 ሜትር የሚኖሩ የአማራ ደገኞች የሳንባ ደም ወሳጅ ግፊት ከቆላ ነዋሪዎች ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ይህም የመጣው ደም በብዛት ስለሚፈስ እንጂ የደም ሥሮቹ ስለጠበቡ አልነበረም።