ኢግሉ፦ ከነዳጅ መስክ ወደ ሽርሽር ሜዳ

ኢግሉ ተንቀሳቃሽ የበረዶ ሳጥኖችንና የመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣዎችን የሚያመርት የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ግዛት፣ በሂዩስተን ከተማ ሲመሠረት የብረታ ብረት ሥራ ወርክሾፕ ነበር።

የመጀመሪያ ደንበኞቹ የነዳጅ መስክ ሠራተኞች ነበሩ። በቴክሳስ የበጋ ሐሩር ከጉድጓድ ቁፋሮ ጋር ለሚታገል ሰው ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ የጤና ጉዳይ ነበር። ወርክሾፑ የሠራቸው የብረት ማቀዝቀዣዎች ውሃውን ከአቧራና ከፀሐይ ጠብቀው ሥራው ካለበት ቦታ ያደርሱ ነበር። ከሽርሽር አስቀድሞ የሠራተኛውን ጥም ማርካቱ የኩባንያው ታሪክ ትልቁ ክብር ነው።

በ1950ዎቹ መኪና በየቤቱ ሲገባና አውራ ጎዳናዎች ሲስፋፉ፣ ቤተሰቦችም ምግብና መጠጥ ይዘው መውጣት ለመዱ። በ1953 ሪቻርድ ላራሚ የተባለ የኢሊኖይ ሰው ለተንቀሳቃሽ የበረዶ ሳጥን የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። በ1957 ደግሞ በፋኖስ ሥራው የታወቀው የካንሳሱ ኮልማን ኩባንያ የብረት ሳጥኖችን ውስጠኛ ክፍል በፕላስቲክ መሸፈን ጀመረ። ያም ሆኖ ብረቱ ይከብድ፣ ይዝግና ሙቀት ያስተላልፍ ነበር።

ኢግሉ በ1962 ሙሉ በሙሉ ከፕላስቲክ የተሠራ የበረዶ ሳጥን ለገበያ በማቅረብ ይህን ችግር አቃለለ። የዚህ ዓይነቱ ሳጥን አሠራር ቀላል ነው። በሁለት የፕላስቲክ ግድግዳዎች መካከል ፎም ይሞላል፤ በፎሙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ የታፈነው ጋዝ ስለማይንቀሳቀስ የውጭው ሙቀት ወደ ውስጥ የሚገባው በዝግታ ነው። የገባውንም ሙቀት በረዶው ይቀበለዋል፤ 1 ኪሎ ግራም በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። አንድ ወጥ የሆነ ትልቅ በረዶ ለአየር የተጋለጠው ገጽ አነስተኛ በመሆኑ ከተፈጨው ይልቅ ዘግይቶ ይቀልጣል። ክዳኑ ቶሎ ቶሎ ከተከፈተ ግን ሞቃት አየር እየገባ የበረዶውን ዕድሜ ያሳጥረዋል።

በ1971 የወጣው ፕሌይሜት የተባለ ሳጥን የኩባንያው መለያ ሆነ። ክዳኑ እንደ ድንኳን ጣሪያ ሾጣጣ ሲሆን፣ ቁልፉን በአንድ እጅ ተጭኖ ወደ ጎን ማንሸራተት ይቻላል። ለምሳና ለለስላሳ መጠጥ የታሰበው ይህ ሳጥን፣ ለንቅለ ተከላ የሚውሉ የሰውነት ክፍሎችን ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ለማጓጓዝም አገልግሏል።

ኩባንያው ዋና ማምረቻውን በሂዩስተን አቅራቢያ በምትገኘው በኬቲ አድርጓል። በ2019 ከወረቀት ጥራጊና ከፓራፊን ሰም የተሠራ፣ በአፈር ውስጥ የሚበሰብስ ሳጥን አቀረበ። በ2021 የስዊድኑ ዶሜቲክ ኩባንያ ኢግሉን ገዛው። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የመጎተቻ እጀታቸው ጣት ቆንጥጦ ከባድ ጉዳት በማድረሱ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ባለጎማ ሳጥኖች ላይ የመልሶ መሰብሰቢያ (ሪኮል) ማስታወቂያ ወጣ፤ ለባለቤቶቹም ምትክ እጀታ በነፃ እንዲሰጣቸው ተደረገ።