ከ (መስተዋድድ)

ከ በአማርኛ መነሻን፣ ንጽጽርን፣ አብሮነትንና ሁኔታን የሚያመለክት መስተዋድድ ነው። ብቻውን አይቆምም፤ ከሚከተለው ስም ወይም ግሥ ጋር ተጣብቆ ይጻፋል። በግዕዝ የመነሻነት ሥራው የ«እም» ወይም «እምነ»፣ በትግርኛ የ«ካብ» ነው። በአፋን ኦሮሞ ተመሳሳይ ሥራ ያለው «ኢራ» ግን ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ «ከሰበታ» የሚለው «ሰበታ ኢራ» ይሆናል።

ከስም ጋር

* የቦታ መነሻ፦ ከቡራዩ መጣች።
* የጊዜ መነሻ፦ ከሰኞ ጀምሮ ታመመ። መነሻና መድረሻ አብረው ሲነገሩ «እስከ» ይከተላል፦ ከሰበታ እስከ ጅማ።
* የተሠራበት ነገር፦ ከሸክላ የተሠራ ድስት።
* ከብዙ መካከል መለየት፦ ከተማሪዎቹ ሁለቱ ቀሩ።
* ንጽጽር፦ ሱሉልታ ከአዲስ አበባ ይቀዘቅዛል። በአማርኛ ቅጽል ለማወዳደር ቅርጹን አይለውጥም፤ ንጽጽሩን የሚሸከሙት «ከ» እና እንደ «ይበልጣል»፣ «ይሻላል»፣ «ይልቅ» ያሉ ቃላት ናቸው። «ከሁሉ» ሲባል የመጨረሻውን ደረጃ ያሳያል።

«ከነ» የሚለው ቅርጽ «አብሮ፣ ጨምሮ» ማለት ነው፦ ከነቤተሰቡ መጣ።

ጥንድ አገባብ

«ከ» ብዙ ጊዜ ከስሙ በኋላ ሌላ ቃል ይጠብቃል፦ ከ...ጋር፣ ከ...በፊት፣ ከ...በኋላ፣ ከ...በላይ፣ ከ...በታች፣ ከ...በስተቀር። ትርጉሙ የሚለየው በዚህ ተከታይ ቃል ነው፤ «ከወንድሙ ጋር» እና «ከወንድሙ በፊት» የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ወሳኙ ግሡ ነው። «መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ» ሲባል ጠረጴዛው መነሻ ነው፤ «መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ» ሲባል ግን መድረሻ ነው።

ቁጥር ሲከተለው ጥንቃቄ ያሻል። «ከ18 ዓመት በላይ» ሲባል ልክ 18 ዓመት የሞላው ሰው ይካተት አይካተት አከራካሪ ሊሆን ስለሚችል፣ በውልና በማስታወቂያ «18 ዓመትና ከዚያ በላይ» ብሎ መጻፍ ይመረጣል።

ከግሥ ጋር

* ሁኔታ፦ ከመጣ እንነግረዋለን። ግሡ በኃላፊ ጊዜ ቅርጽ ቢሆንም የሚነገረው ገና ስላልሆነ ነገር ነው።
* ያለፈ ጊዜ ልክ፦ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው።
* ቅደም ተከተል፦ ከመጣ በኋላ ዘነበ። ለ«በፊት» ግን ግሡ ወደ ስም ይለወጣል፦ ከመምጣቱ በፊት።
* ምርጫ፦ ታክሲ ከምጠብቅ በእግሬ ልሂድ።

ቆየት ያሉ የሰዋስው መጻሕፍት ቃላትን በ8 ክፍሎች ሲመድቡ መስተዋድድንና መስተጻምርን ይለያሉ፤ በዚህ አመዳደብ ከግሥ ጋር የሚገባው «ከ» መስተጻምር ነው። ባየ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» (1987 ዓ.ም.) በተባለው መጽሐፋቸው የቃል ክፍሎችን 5 አድርገው ሁለቱን በመስተዋድድ ሥር አጠቃለዋል።

የቅርጽ ለውጥ

በ«አ» ከሚጀምር ቃል ጋር ሲገናኝ «ካ» ሊሆን ይችላል፦ ካዲስ አበባ፣ ካንተ። በአሉታዊ ግሥ ላይ ይህ የተለመደው አጻጻፍ ነው፦ ካልመጣ። «ይህ» እና «ያ» ሲከተሉት «ከዚህ» እና «ከዚያ» ይሆናሉ። የባለቤትነት «የ» ከ«ከ» በኋላ ይወድቃል፦ «የወንድሜ ቤት» የነበረው «ከወንድሜ ቤት» ይሆናል።

በአንዳንድ አካባቢዎች «ተ» ወይም «ኸ» ተብሎ ይነገራል፦ ተቤት፣ ኸቤት። በሰሜኑ የአማርኛ አነጋገር «በ» በሚገባበት ቦታም ያገለግላል፤ «ከቤት አለ» ማለት «ቤት ውስጥ አለ» ነው። ይህን የማያውቅ አድማጭ ሰውየው ከቤት የወጣ ሊመስለው ይችላል።

በኮምፒውተር ጽሑፍ ሥራ

«ከ» ተጣብቆ ስለሚጻፍ፣ ሙሉ ቃል ብቻ የሚያመሳስል ፍለጋ «ሰበታ» ሲባል «ከሰበታ» የሚለውን አያገኝም። ከቃል መጀመሪያ ላይ «ከ»ን ሁሉ መቁረጥም መፍትሔ አይሆንም፤ «ከተማ» «ተማ»፣ «ከብት» ደግሞ «ብት» ሆነው ይቀራሉ። «ከፈለገ» በ«ከ» እና በ«ፈለገ» ሲከፈል፣ «ከፈለ» ግን አይከፈልም፤ «ከ» የግሡ የራሱ ፊደል ነው። ስለዚህ የአማርኛ ፍለጋና የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም የቃላት ዝርዝር ወይም የግሥ እርባታ ሕግ ያስፈልገዋል።